የጥልቀት ልክ፦ ከሐርተሼክ ሜዳ የእንጨት ዕቃ እስከ ራውተር

ከእንጨት ውስጥ ምን ያህሉ ተፈልፍሎ ይውጣ፣ ምን ያህሉ ይቅር የሚለው ጥያቄ ከእንጨት ሥራ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በእጅ የሚያዝ ራውተር፣ ማለትም በሚሽከረከር ስለት እንጨት የሚቦረቡር ማሽን ላይ የጥልቀት ዘንጉን ዝቅ አድርጎ የሚያጠብቅ አናጺ የሚመልሰው ይህንኑ ጥያቄ ነው። ከግንድ ላይ የወተት ዕቃ የሚፈለፍል አርብቶ አደርም ይመልስ የነበረው ይህንኑ ነው። የሚለያዩት ልኩን ባስቀመጡበት ቦታ ነው። በቀድሞው ሥራ ልኩ በእጅና በጆሮ ውስጥ ነበር፤ በአሁኑ ሥራ በብረት ዘንግና በሚሊ ሜትር መስመር ላይ ተቀምጧል። በሐርተሼክና በጅግጅጋ ሜዳ ከመሣሪያው ጋር እንጨቱም ተለውጧል፤ ግንዱ እየራቀ ሄዶ በቦታው ሣንቃ ገብቷል።

ሐርተሼክ ከጅግጅጋ በስተምሥራቅ፣ ለሶማሌላንድ ድንበር ቅርብ የሆነች ከተማ ናት። ያለችበት ሜዳ ሃውድ ከሚባለው ሰፊ የግጦሽ አምባ ጋር የተያያዘ ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለውም፤ ዝናብ ሲጥል ሣሩ ይለመልማል፣ ኩሬው ሲደርቅ ሰውና ከብቱ ውኃ ወዳለበት ይጓዛል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ከዘይላ ተነሥቶ በ1847 ዓ.ም. ሐረር ሲገባ የተሻገረውና በመጽሐፉ የመረር ሜዳ ብሎ የጠራው ምድር በኋላ ጅግጅጋ የተቆረቆረችበት አገር ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ሜዳው የግመልና የሣር እንጂ የደን አልነበረም።

በዚህ አገር ቤቱ ራሱ በግመል ይጫናል። አቃል የሚባለው የአርብቶ አደሩ ቤት ከቆለመሙ ዘንጎችና ከተጎነጎኑ ምንጣፎች ይተከላል፤ መንጋው ሲነሣ ይነቀላል። ከቤቱ ጋር የሚጓዝ ዕቃ ሁሉ ሁለት ነገር ይፈለግበታል፤ ለግመሉ እንዲቀልና በመንገድ እንዳይሰበር። ሸክላ ለዚህ ኑሮ አይመችም። ስለዚህ ወተቱ፣ ቅቤውና ውኃው በእንጨት ወይም ጠብቆ በተሰፋ የዕፅዋት ሥር ይያዝ ነበር። ሐን የሚባለው ትልቁ ዕቃና ዲል የሚባለው የወተት ዕቃ ከሁለቱም ዓይነት ይሠራሉ። የሥሩ ስፌት የሴቶች ሙያ ሲሆን፣ ፈሳሽ እስከማያሳልፍ ድረስ ይጠብቃል። ሔዶ የሙሽራ ቤት ዕቃ ነው፤ በቅቤ የተጠበሰ የደረቀ ሥጋ ተሞልቶ፣ በገመድ ተጠላልፎ ታስሮ ለሙሽራው ወገኖች ይቀርባል፤ እነርሱም ቋጠሮውን ፈትተው እንዲከፍቱት ይፈተናሉ። ፈንዳል የሚባለው ማንኪያ፣ ሙቀጫው፣ የወንዶች የእንጨት ትራስ፣ የግመል ደወሉ ኮር፣ የቁርኣን ተማሪው ሎሕ ሁሉም ከእንጨት ናቸው። ወተቱ እንዳይበላሽና ጥሩ ጠረን እንዲይዝ ዕቃው በሚጨስ እንጨት ይታጠናል፤ ውስጡ ለዓመታት ጭስና ፍም ይነካዋል ማለት ነው።

የጥልቀት ጉዳይ ሕይወት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ግድግዳው ወፍራም የሆነ የእንጨት ዕቃ ለግመሉ ሸክም፣ ለተሸካሚዋም ድካም ነው፤ መያዝ ከሚገባው ወተትም ይቀንሳል። ግድግዳው ከመጠን በላይ የሳሳ ዕቃ ደግሞ በደረቅ ወራት ይሰነጠቃል፣ በእጥነት ጊዜ ይቃጠላል፣ ከግመል ሲወድቅ ይከፈላል። ከሁለቱ መካከል ያለው ጠባብ ቦታ የፈልፋዩ ሙያ ነው። እንጨት የተወሰደበትን አይመልስም፤ በስህተት የወጣ ፍቅፋቂ ተመልሶ አይለጠፍም።

መሣሪያው ጥቂት ነበር፤ መጥረቢያ፣ አፉ ወደ እጀታው የታጠፈ መፈልፈያ፣ ቢላና መሮ። አንዳቸውም ላይ የጥልቀት ምልክት የለም። እርጥብ እንጨት ሲፈለፈል ይለዝባል፤ ሲደርቅ ግን ይኮማተራል፣ ይጣመማል። ስለዚህ እርጥብ ሳለ ወፍራም አድርጎ ፈልፍሎ መተው፣ ቀስ ብሎ ሲደርቅ ተመልሶ ማሳሳት በብዙ አገር የሚሠራበት መንገድ ነው። ግድግዳው ምን ያህል እንደቀረ የሚያውቁት ጣቶች ናቸው፤ አውራ ጣት ከውስጥ፣ ሌሎቹ ከውጭ ሆነው ዙሪያውን ይዳስሳሉ። ጆሮም ይረዳል፤ ወፍራም ግድግዳ ሲመታ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፣ እየሳሳ ሲሄድ ድምፁ ይከፈታል።

ይህን ከኮር በላይ የሚያሳይ ዕቃ የለም። ኮር ከአንድ ወጥ እንጨት የሚፈለፈል ደወል ነው፤ ምላሱም እንጨት ነው። በግመሉ አንገት ላይ ታስሮ መንጋው በሌሊት ወይም በቁጥቋጦ ውስጥ የት እንዳለ ይናገራል። ፈልፋዩ በጠባብ አፍ በኩል መሣሪያውን አስገብቶ የማያየውን ውስጥ ይቆርጣል። ግድግዳው ከወፈረ ደወሉ ዲዳ ይሆናል፤ አንድ ወገን ከሌላው ከሳሳ ድምፁ ይሻክራል፣ እንጨቱም ከዚያው በኩል ይከፈላል። እዚህ ላይ የጥልቀት ልክ የሚፈተነው ሥራው ሲያልቅ በሚሰማው ድምፅ ነው። አንድ ሙያተኛ ያለ መለኪያ፣ ያለ ዓይን እርዳታ እኩል ውፍረት ያለው ግድግዳ ማውጣቱ በየትኛውም አገር ሚዛን ታላቅ ችሎታ ነው፤ የሐረር የቤት ጌጥ ሥራ የሚወደደውን ያህል ሳይወደድ መቅረቱ ያሳዝናል።

የእንጨት ትራሱ ሌላ ዓይነት ጥልቀት ያሳያል። የዚህ ትራስ ጎን ብዙ ጊዜ እርስ በርስ በተጠላለፈ የሐረግ ቅርጽ ይሸፈናል። ጭረቱ ጥልቀት የለውም ማለት ይቻላል፤ ውበቱ ግን በሙሉ በዚያ ትንሽ ጥልቀት እኩልነት ላይ የቆመ ነው። አንዱ መስመር ከሌላው ከጠለቀ ጥላው ይለያያል፣ ዓይንም ወዲያው ይይዘዋል። ሎሕ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። ተማሪው በቀለም የጻፈውን ከሸመደደ በኋላ ያጥበዋል፣ ፊቱን አስተካክሎ እንደገና ይጽፍበታል። በዚህ ዕቃ ላይ ጥልቀት ጠላት ነው፤ ሰሌዳው ለስላሳ መሆን አለበት፣ ቀለሙም ሊታጠብ የሚችለው ወደ እንጨቱ ካልገባ ነው።

በመለኪያ የሚሠራ የአናጺ ሙያ ወደዚህ አገር የገባው በከተሞች በኩል ነው። ሐረር በዘይላና በበርበራ ወደቦች በኩል ከዓረብና ከህንድ ጋር ትነግድ ነበር። ግብፆች ከተማይቱን ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ይዘው ቆይተዋል፤ በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ከያዟት በኋላም የህንድ ነጋዴዎች መኖሪያቸውን አስፍተዋል። ዛሬ የራስ ተፈሪ ቤትና የራምቦ ቤት የሚባሉት ሁለቱ የእንጨት ሰገነት ያላቸው ቤቶች ከህንድ ነጋዴዎች ጋር የተያያዙ ናቸው፤ የተቀረጹት በሮቻቸውና መስኮቶቻቸው በህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ካሉ ከተሞች ሥራ ጋር ይዛመዳሉ። የበር ቅርጽ ከወተት ዕቃ የሚለየው በአንድ ዋና ነገር ነው። በሩ ጠፍጣፋ ፊት አለው፤ ጥልቀቱ ሁሉ ከዚያ ፊት ወደ ታች ይለካል። አናጺው በመጫሪያ መስመር ያወጣል፣ በመሮ ዙሪያውን ይቆርጣል፣ መደቡን እኩል አድርጎ ዝቅ ያደርጋል። ወደ ራውተር የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ከዚህ ጠፍጣፋ ፊት ነው።

ጅግጅጋ በ1909 ዓ.ም. ገደማ በአገረ ገዥዋ በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ዘመን ቀጥ ባሉና በሚቋረጡ መንገዶች ተነድፋ ተሠራች። ከተማ ሲኖር በር፣ መስኮት፣ ሣጥንና አልጋ ይፈለጋል፤ አናጺም ይመጣል። የጣሊያን ጦር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን ይዞ ቆየ፤ ቀጥሎ የእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር መጣ፤ የሃውድ ግዛት ሙሉ በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1947 ዓ.ም. ነው። በዚህ ዘመን ሞርሳ፣ ስኳድራ፣ ራስፓና ኮምፐልሳቶ በመላ አገሪቱ የአናጺ ቤት ዕቃዎች ሆኑ። አዲስ አበባ ላይ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በ1934 ዓ.ም. ተከፍቶ የእጅ ሙያን በክፍል ውስጥ ማስተማር ጀመረ። የማጠፊያ ቦታ በመሮ ሲቆፈር ልኩ በመጫሪያ ይወሰድ ነበር። የማጠፊያው ክንፍ ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ነው፤ ጉድጓዱ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢጠልቅ በሩ ከመዝጊያው ጋር ይጣላል፣ ቢያንስ ደግሞ ክፍተት ይተዋል። መዳፍና ጆሮ እዚህ አይበቁም፤ ልክ የግድ ይሆናል።

ይህን ሥራ ወደ ማሽን ያሸጋገረው መሣሪያ የተወለደው በአሜሪካ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የእጅ ራውተር መላጊያ ሲሆን፣ ጠፍጣፋ መቀመጫው መካከል ወደ ታች የሚወርድ የታጠፈ ስለት ነበረው። ስታንሊ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1884 ገደማ ያወጣው ቁጥር 71 የብረት ራውተር ስለቱ ከፍና ዝቅ እንዲል አደረገ፤ ጥልቀት በጥቂት በጥቂቱ የሚስተካከል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1915 ገደማ በቺካጎ የኦንስረድ ቤተሰብ በአየር ግፊት የሚዞር ፈጣን የእጅ ራውተር ሠራ። በዚያው ዘመን ገደማ በኒውዮርክ ግዛት በሲራክዩዝ ካርተር የተባለ ሙያተኛ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን አስተዋወቀ፤ ንግዱ ስለሰመረለት ስታንሊ እ.ኤ.አ. በ1929 ድርጅቱን ገዛው። በእነዚህ ማሽኖች ሞተሩ በመቀመጫው ውስጥ ከፍና ዝቅ እያለ በቋሚነት ይታሰራል፤ ጥልቀቱ ከሥራው በፊት ይወሰናል፣ እየተቆረጠ ሳለ አይለወጥም። ሁለተኛው ታላቅ ለውጥ የመጣው ከጀርመን ነው። ኤሉ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ ሞተሩ በሁለት ዘንጎች ላይ በጠመዝማዛ ሽቦ ተደግፎ ወደ ታች የሚጠልቅበትን ራውተር አወጣ። ሠራተኛው ማሽኑን ከሣንቃው ላይ አስቀምጦ፣ ሞተሩን አስነሥቶ፣ ቢት የሚባለውን የሚዞር ስለት በቀጥታ ወደ እንጨቱ ያስገባል። ሲጨርስ ይለቀዋል፤ ቢቱም ወደ ላይ ይመለሳል።

የራውተር ዘመን ወደ ሐርተሼክ አካባቢ ከመድረሱ በፊት በሜዳው ላይ ሌላ ታሪክ ተፈጸመ። በግንቦት 1980 ዓ.ም. የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ የተባለው አማፂ ቡድን በሰሜን ሶማሊያ ቡርዖንና ሐርጌሳን ሲያጠቃ የሶማሊያው የሲያድ ባሬ መንግሥት ከተሞቹን በአውሮፕላንና በመድፍ ደበደበ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ። ሐርተሼክ በዚያ ዓመት የስደተኞች መጠለያ ሆነች፤ በጊዜው ከ250,000 በላይ ሰው አስጠልላ የዓለም ትልቋ መጠለያ ለመባል በቃች። ውኃ ከጅግጅጋ በኩል በቦቴ ይመጣ ነበር። ማገዶና የጎጆ ዘንግ ግን ከአካባቢው መቆረጥ ነበረበት፤ ቀድሞውንም ዛፍ ያነሰው ሜዳ ይህን ያህል ሕዝብ የሚችልበት አቅም አልነበረውም። መጠለያው እስከ 1996 ዓ.ም. ቆይቶ ተዘጋ፤ በእነዚያ ዓመታት ከተማይቱ ከበርበራና ከሐርጌሳ የሚገባ ልብስና የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥባት፣ ከአዲስ አበባ ድረስ ነጋዴ የሚመላለስባት የታወቀች ገበያ ሆና ነበር። ለስደተኛውም ለአርብቶ አደሩም በዚያ ዘመን የተስፋፋው ዕቃ የፕላስቲክ ጀሪካን ነው። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ወተት ወደ ከተማ ገበያ የሚወርደው በእርሱ ሆነ። ግንድ ፈልፍሎ ዕቃ ማውጣት ከሁለት ወገን ተመታ፤ እንጨቱ ጠፋ፣ ፈላጊውም ቀነሰ።

ከዚያ በኋላ የአካባቢው ከተሞች እንጨትን የሚያውቁት በሌላ መልክ ነው። ጅግጅጋ የሶማሌ ክልል ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ ቢሮ፣ ትምህርት ቤት፣ ሆቴልና መኖሪያ ቤት ተሠራባት፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ዩኒቨርሲቲም ተከፈተባት። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ቁም ሣጥን፣ በርና የወጥ ቤት መደርደሪያ በብዛት የሚሠራው ከኮምፐልሳቶ፣ ከቺፕውድና ከኤምዲኤፍ ነው። የእነዚህ ሣንቃዎች የተለመደ ውፍረት 18 ሚሊ ሜትር ነው። ግንድ ፈልፋዩ ግድግዳው ገና ወፍራም ሳለ የሠራውን የጣት ያህል ስህተት በኋላ ሲያሳሳ ሊያርመው ይችል ነበር፤ 18 ሚሊ ሜትር ግን ለስህተት ቦታ የለውም። በአንዱ ፊት 9 ሚሊ ሜትር የጠለቀ ቦይ ከተቆረጠና በሌላው ፊት ከዚያው ትይዩ ተመሳሳይ ከተደገመ ሣንቃው ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። ለዚህ ነው የመደርደሪያ ቦይ አብዛኛውን ጊዜ ከሣንቃው ውፍረት ሲሶ፣ ማለትም ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ የሚቆረጠው።

በጠላቂ ራውተር ላይ ጥልቀት የሚወሰነው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል። የቢቱ ዘንግ በማሽኑ አንገት፣ ማለትም በቢት መያዣው ውስጥ በበቂ ይገባል፤ እስከ መጨረሻው ተገፍቶ ከተቀመጠ በኋላ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ተስቦ ይጠበቃል፤ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ከታሰረ መያዣው በደንብ ላይጨብጠው ይችላል። አንገቱ ያልጨበጠው ቢት በሥራ ላይ እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ቦዩም ሠራተኛው ሳያውቅ ከጫፍ ወደ ጫፍ እየጠለቀ ይሄዳል። ቀጥሎ ማሽኑ በሚሠራበት ሣንቃ ላይ ተቀምጦ የቢቱ ጫፍ ፊቱን እስኪነካ ድረስ ይወርዳል፣ በዚያው ይቆለፋል። ይህ ዜሮ ነው። ከዚያ የጥልቀት ዘንጉ ከታች ካለው ተሽከርካሪ ደረጃ ላይ እስኪያርፍ ይወርዳል፤ ከዚያ ላይ በሚፈለገው ጥልቀት ልክ ከፍ ተደርጎ ይጠበቃል። በዘንጉና በደረጃው መካከል የቀረው ክፍተት ቢቱ ወደ እንጨቱ የሚገባበት ጥልቀት ነው።

ይህን ክፍተት በማሽኑ ላይ ካለው የሚሊ ሜትር መስመር ማንበብ ይቻላል። ከዚያ ይልቅ የሚታመነው ግን ሌላ መንገድ ነው፤ በክፍተቱ ውስጥ የሚገባው ዕቃ ራሱ ይቀመጣል። ማጠፊያ የሚቀበር ከሆነ የማጠፊያው ክንፍ በዘንጉና በደረጃው መካከል ይያዝና ዘንጉ በላዩ ላይ ይጠበቃል። ጉድጓዱ ከማጠፊያው ጋር እኩል ይወጣል፤ ቁጥር ማንበብም አያስፈልግም። በልክ ሳይሆን በዕቃው መለካት ጥንታዊ ልማድ ነው፣ ማሽኑም አላስቀረውም።

ጥልቅ ቦይ በአንድ ጊዜ አይቆረጥም። ቢቱ በደቂቃ ከ10,000 እስከ 30,000 ጊዜ ይዞራል፤ ብዙ እንጨት በአንዴ ሲጎርስ ይንቀጠቀጣል፣ ይግላል፣ እንጨቱን ያቃጥላል፣ ከሠራተኛው እጅም ሊፈናጠር ይችላል። በጠንካራ እንጨት ላይ በአንድ ምልልስ ከቢቱ ስፋት ግማሽ በላይ አለመግባት ጥሩ ልማድ ነው። ተሽከርካሪው ደረጃ የተፈጠረው ለዚህ ነው፤ ሦስት እርከን ያለው ደረጃ 12 ሚሊ ሜትር ቦይን በአራት፣ በስምንትና በ12 ከፍሎ ያስቆርጣል። በወይራ ወይም በጽኑ ግራር ላይ የሚሠራ ሰው ከዚህም ቢያሳንስ ይሻለዋል። ኤምዲኤፍ ሲቆረጥ የሚወጣው ዱቄት የደቀቀ ስለሆነ አፍንጫና አፍ መሸፈን፣ ዓይንንም በመነጽር መጠበቅ ያስፈልጋል። ይኸው ዱቄት በማሽኑ ዘንጎች ላይና በደረጃው እርከን ላይ ሲከማች ልኩን ያዛባል፤ በእርከኑ ላይ የቀረ አንድ ሚሊ ሜትር ፍቅፋቂ ጥልቀቱን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ነፋሻና አቧራማ በሆነው የጅግጅጋ ሜዳ ከሥራ በፊት ዘንጎቹን መጥረግ ከሥራው ተለይቶ አይታይም። መቀመጫው የተኛበት ሣንቃ ከተጣመመም ቢቱ ጠመዝማዛውን ተከትሎ ይወጣል ይወርዳል፤ ራውተር የሚያውቀው የተቀመጠበትን ፊት ብቻ ነውና።

ከዚህ የመጨረሻ ነገር የማሽኑ ወሰን ይታወቃል። ራውተር ጥልቀትን ከላይ ወደ ታች፣ ከአንድ ጠፍጣፋ ፊት ይለካል፤ በዚህም ሰው በመሮ ከሚያወጣው የበለጠ እኩል ቦይ ያወጣል። የዲል ወይም የኮር ግድግዳ ግን የሚለካው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ በክብ ፊት ላይ ነው። ሞላላ ዕቃ ላይ መቀመጫው የሚያርፍበት ቦታ የለም፤ ዘንጉም የግድግዳውን ውፍረት አያውቅም። በሰሌዳ ምሪት ታግዞ ጥልቀቱ አጭር የሆነ ሳሕን ማውጣት ይቻላል፤ አፉ ጠብቦ ሆዱ የሰፋ ዕቃ ግን ለራውተር አይገባለትም። እዚያ ላይ እስከ ዛሬ የሚሠራው የፈልፋዩ አውራ ጣት ነው።

ይህ ችሎታ በመጽሐፍ አልተጻፈም። ያለው በእድሜ በገፉ ሙያተኞች እጅ ውስጥ ነው፤ ዕቃዎቹም በየቤቱ ጥግና በሙዚየም መደርደሪያ ላይ ናቸው። በክልሉ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶች የእንጨት ሥራ የሚያስተምሩ መምህራን ከራውተሩ ጎን አንድ ኮርና አንድ ዲል በጠረጴዛቸው ላይ ያስቀምጡ፤ ተማሪዎቻቸው የግድግዳውን ውፍረት በካሊፐር ይለኩ፤ ከሐርተሼክና ከዙሪያዋ ፈልፋይ አባቶችንም ጠርተው ሥራውን ከእጃቸው ያስቀርጹ። ይህ መሠራት ያለበት ሙያተኞቹ በሕይወት ሳሉ ነው።